ከሮክፎር ዋሻ እስከ እናቴ ማሰሮ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ጤና ይስጥልኝ። እኔ ባሕር ዳር ሐይቁ ዳር ትንሽ አሳ ቤት ያለችኝ ሴት ነኝ። ጋዜጣችሁን የማነበው ከምሳ በኋላ ወጥ ቤቱ ሲረጋጋ ነው። አንዳንዴ የቅዳሜው ሐሙስ ይደርሰኛል፣ እሱም ዘይት ነክቶት። ስለ ቱሪስት ብዙ ትጽፋላችሁ። ስለ መንገዱ፣ ስለ ሆቴሉ፣ ስለ ጀልባው፣ ስለ ገዳማቱ። ስለሚበላው ግን እምብዛም አታነሱም። እስቲ ዛሬ እኔ ላንሳው።

ጥፋቱ የተፈጸመው በራሴ ቤት ስለሆነ ማንንም አላማም። አምና ጥር፣ ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቀን፣ ሁለት ፈረንሳዮች መጡ። ባልና ሚስት ናቸው፣ ሁለቱም ሸብተዋል። አስጎብኚያቸው ስልክ ሊያወራ ወጣ ብሏል። ሰውዬው አስተናጋጄን በእንግሊዝኛ ጠየቀው፤ "የዚህ አገር ምግብ፣ እዚህ ብቻ የሚገኝ፣ ምን አላችሁ?" ልጁ ትንሽ አሰበ። "ፓስታ አለ" አለ። "ክለብ ሳንድዊች አለ። በርገርም አለ።" አሳ አላለም! አሳ ቤት ውስጥ ቆሞ፣ የሚጠበሰው ቀረሶ አፍንጫው ስር እየሸተተው። እኔ በምግብ ማውጫዋ መስኮት በኩል እሰማለሁ። ወጥቼ ማረም ነበረብኝ፤ ግን እውነቱን ልናገር፣ እኔም በልቤ "ፈረንጅ የሚስማማው ፓስታ ነው" ብዬ ዝም አልኩ። በሉ፣ ከፈሉ፣ አመስግነው ሄዱ።

ሰዎቹ ምን ፈልገው እንደነበር የገባኝ በዚያው ዓመት ክረምት፣ አገራቸው ሄጄ ነው።

ታላቅ እህቴ ቱሉዝ በምትባል የደቡብ ፈረንሳይ ከተማ ትኖራለች። "ነይና ዓይንሽን ልየው" እያለች ስትጨቀጭቀኝ ከርማ ሐምሌ ላይ ተሳካልኝ። ገና ሻንጣዬን ሳልፈታ፣

"ምን ምን አትበይም?" አለችኝ።

"አሳማ አልበላም።"

"እሱንማ እኔም አልበላም። ዳክዬስ?"

"እታለም ሙች፣ ጣና ዳር እየኖርኩ ዳክዬ ልብላ?"

ባሏ በሳቅ ፈረሰ። "እንግዲህ መጥተሽ መጥተሽ ዳክዬ አገር መጣሽ" አለኝ። እውነቱን ነው። በዚያ አካባቢ ዳክዬ እንደኛ ዶሮ ነው። በራሱ ስብ ያበስሉትና እዚያው ስብ ውስጥ ያስቀምጡታል፣ ለወራት አይበላሽም። እኛ ሥጋ ስናቆይ ቋንጣ ሰቅለን ነው፣ እነሱ ስብ ውስጥ ቀብረው ነው። አልቀመስኩትም፣ ግን ዘዴውን አደነቅኩ።

መጀመሪያ የወሰዱኝ ካስቴልኖዳሪ ነው፣ ከቱሉዝ ብዙም የማትርቅ ትንሽ ከተማ። ራሷን የካሱሌ የዓለም ዋና ከተማ ብላ ነው የምትጠራው። ካሱሌ ማለት ነጭ ቦሎቄ ነው፣ ከሥጋ ጋር ሆኖ በሸክላ ዕቃ ምድጃ ውስጥ ለሰዓታት ቀስ ብሎ የሚበስል። ቦሎቄው ከአሜሪካ አህጉር ከመምጣቱ በፊት በባቄላ ይሠራ ነበር ይባላል። ስሙም ከሸክላው የመጣ ነው፤ ካሶል ይሉታል፣ አፉ ሰፋ፣ ታቹ ጠበብ ያለ፣ ውስጡ የተቀባ። ላዩ ደርቆ ቅርፊት ሲያወጣ በማንኪያ ሰብረው ወደ ታች ይከቱታል፣ እንደገና ሲደርቅ እንደገና ይሰብሩታል፣ ደንቡ ሰባት ጊዜ ነው ይላሉ። ካስቴልኖዳሪ የኔ ነው ትላለች። ካርካሶን ደግሞ የበግ ሥጋና ቆቅ ጨምራ የኔ ነው ትላለች። ቱሉዝ ቋሊማዋን ሳታስገባበት አይሆንላትም። እኛም በዶሮ ወጥ ጎጃም ነው ጎንደር ነው እያልን እንሟገታለን፣ የኛ ሙግት ግን ከለቅሶ ቤትና ከሠርግ ቤት አይወጣም፤ የነሱ የከተማ ስም ሆኗል፣ ሰው ነዳጅ አቃጥሎ መጥቶ "የማንኛው ይጣፍጣል" ብሎ እየቀመሰ ይፈርዳል። እኔ አሳማ ስላለበት ዳቦና ሰላጣ በላሁ። ዓይኔ ግን ከሸክላው አልተነቀለም። እንዲህ ዓይነት ሸክላ የኛ ሸክላ ሠሪዎች ያቅታቸዋል? እኔ ግን የምጠብሰው በብረት መጥበሻ፣ የማቀርበው በፕላስቲክ ትሪ።

ወደ ሮክፎር የሄድነው ሐምሌ 27 ነው። ስለዚህ ቦታ ትንሽ ላስረዝም፣ ደብዳቤውንም የምጽፈው በሱ ሰበብ ነው።

መንደሯ ኮምባሉ የሚባል ገደል ስር ተለጥፋለች። ትንሽ ናት፣ ከኛ የገጠር ቀበሌ አትበልጥም። ገደሉ በጥንት ዘመን ተንዶ ውስጡ ዋሻ ሆኗል፣ ድንጋዩም ተሰነጣጥቋል። በስንጥቁ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ቀዝቃዛና እርጥብ አየር ይነፍሳል። ስንጥቆቹን ፍለሪን ይሏቸዋል። ነጠላዬን ተከናንቤ ገባሁ፣ ልክ እንደ ገዳም። ውስጡ መደርደሪያ በመደርደሪያ ነው፣ የበግ ወተት አይብ እንደ ድፎ ዳቦ ክብ ክብ ሆኖ ተደርድሯል፣ ሻጋታ ይዞ። ሻጋታውን እነሱ ናቸው የሚያስይዙት! ድሮ ራይ ከሚባል እህል የተጋገረ ዳቦ ዋሻው ውስጥ ትተው እስኪሻግት ይጠብቁና ሻጋታውን አድርቀው፣ ፈጭተው ከአይቡ ጋር ያዋህዱት ነበር። የምታስጎበኘው ልጅ እንደነገረችን ቻርለስ ስድስተኛ የተባለው ንጉሣቸው በ1411 "በዚህ ዋሻ አይብ የማክረም መብት የዚህ መንደር ሰዎች ብቻ ነው" ብሎ ፈቀደላቸው። በ1925 ደግሞ በሕግ ጸና፤ በፈረንሳይ ስሙ እንዲህ በሕግ የተጠበቀ የመጀመሪያው አይብ እሱ ነው። (ዓመቶቹ በነሱ አቆጣጠር ናቸው።) ላኮን ከሚባለው የበግ ዘር ወተት ካልሆነ፣ ወተቱ ጥሬውን ካልሆነ፣ እዚያው ሮክፎር ዋሻ ውስጥ ካልገባ፣ ቢያንስ 90 ቀን ካልሞላው ሮክፎር አይባልም። አንድ ጎረቤት መንደር ተነስቶ "እኔም ሮክፎር አለኝ" ቢል ፍርድ ቤት ነው የሚጠብቀው።

በመጨረሻ ቅመሱ ተባልን። በትንሽ ቢላ ቆርጣ ሰጠችን፣ ነጭ ነው፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ጅማት ተጋድሞበታል። እኛ እንጀራ ላይ ይህን ብናይ ለዶሮ እንኳን አንሰጥም። ዓይኔን ጨፍኜ ጎረስኩ። መጀመሪያ ጨው፣ ቀጥሎ ቅባት፣ ከዚያ አፍንጫ ድረስ የሚወጣ ኃይለኛ ነገር። እታለምን ቀና ብዬ ሳያት ዝም ብላለች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

"ምን ሆንሽ?"

"የእማዬ መጣጣ አይብ" አለች።

ለማያውቀው ላስረዳ። እኛ የተወለድነው መራዊ አካባቢ ነው። እዚያ እናቶች አይቡን ሁሉ ትኩስ በትኩስ አይበሉትም። ከተገፋው ወተት የወጣውን አይብ አጥልለው በሸክላ ማሰሮ ያስቀምጡታል፣ በሚቀጥለው ሳምንት የወጣውን በላዩ ይጨምራሉ፣ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ጤና አዳም እየገባበት ውሃው እየተንጠፈጠፈ ይከርማል። ሲደርስ ይጠቁራል፣ ይጎመዝዛል፣ ምላስ ይይዛል። በእንጀራ ጫፍ ትንሽ ነካ አድርገህ ነው የምትበላው እንጂ እንደ አይብ በማንኪያ የሚዛቅ አይደለም። እማዬ ማሰሮዋን ከጎታው ኋላ ታኖረው ነበር፣ ልጅ እንዳይደርስበት። እታለምና እኔ ግን እንደርስበት ነበር፣ ተመትተንበታልም።

እንግዲህ አስቡት። እነሱ የመንደራቸውን አይብ ዋሻው ድረስ ሰው እየጠሩ ያስቀምሳሉ። የኛ ማሰሮ ከጎታ ኋላ ነው። ባሕር ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱም መጣጣ አይብ ሲቀርብ አይቼ አላውቅም፣ እኔም ቤት ጨምሮ። ወጣት አስተናጋጆች ስሙንም አያውቁት። ልጁ "ፓስታ አለ" ቢል ምን ይገርማል?

ሐምሌ 30 ቅበላችን ነበር፣ በማግስቱ ፍልሰታ ይገባል። ኦብራክ የሚባል ደጋ ላይ ዋልን። ሣር ብቻ ነው፣ ላምና ሣር፣ ነፋስ። እዚያ አሊጎ ይበላል። የተፈጨ ድንች ነው፣ ገና ያልበሰለ ትኩስ አይብ፣ ቅቤና ነጭ ሽንኩርት ገብቶበት በእንጨት ማማሰያ ሲመታ እየተለጠጠ ይመጣል። ሰውዬው ማማሰያውን ከራሱ በላይ አነሳው፣ አሊጎው እንደ ጋቢ ተዘርግቶ ተከተለው። እንደ ገንፎ ያለ ነገር ስለሆነ አላስቸገረኝም፣ ድርሻዬን ጨርሼ የእታለምንም ጨረስኩ። ነገሩ የመጣው በእግር ወደ ስፔን ቅዱስ ያዕቆብ የሚሄዱ ተሳላሚዎችን ከሚያስተናግዱ መነኮሳት ነው ይባላል። ያኔ በዳቦ ነበር አሉ የሚሠራው፣ ድንቹ በኋላ የመጣ ነው። ከዚህ ላይ ዘጌ ትዝ አለኝ፣ ተሳላሚ ሲደርስ ዳቤና ጠላ የሚያቀርቡት።

ጾሙ ከገባ በኋላ ነገር ከበደ። በዚያ አገር ሁሉ ነገር ቅቤ ነው፣ ካልሆነም የዳክዬ ስብ ነው። ነሐሴ 9 በነሱ ኦገስት 15 ነው፣ የማርያም ዕርገት በዓላቸው፣ አገር ሥራ የሚዘጋበት። ለ ፕዊ ወደምትባል ከተማ ሄድን፣ ካቴድራሉ ውስጥ ጥቁር ማርያም አለች፣ በዚያ ቀን በሰልፍ ይዘዋት ይወጣሉ። እኛ ፍልሰታን እየጾምን እነሱ በዓሉን ያከብራሉ፣ የኛው በሳምንቱ ነሐሴ 16 ነው። ከከተማዋ በላይ ቋጥኝ ላይ ደግሞ አንዲት ትልቅ ቀይ የማርያም ሐውልት ቆማለች። በ1860 የቆመች ናት፣ የተሠራችውም ከ213 መድፍ ነው፤ ፈረንሳዮች ሴባስቶፖል ላይ ከሩስያ የማረኳቸው። ሴባስቶፖል! አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት አሠርተው መቅደላ ድረስ ላስጎተቱት መድፍ ያወጡለት ስም። የእህቴን ባል ስነግረው "እነሱ መድፉን ማርያም አደረጉት፣ እኛ ስሙን መድፍ አደረግነው" አለኝ። ከርዕሴ ወጣሁ መሰል።

ጾማችንን የምንገድፈው በ9 ሰዓት ነው። ለካ የፈረንሳይ ገጠር ወጥ ቤት በኛ 8 ሰዓት ላይ ይዘጋል! ሦስት ቦታ ገባን፣ ሦስቱም ራስ ነቀነቁብን። አራተኛዋ አንዲት ጎልማሳ ሴት ናት፣ ወንበር እየገለበጠች ጠረጴዛ ላይ ስትሰቅል ደረስን። እታለም ሥጋ እንደማንበላ፣ ወተትም ቅቤም እንደማንበላ፣ እስካሁን እህል እንዳልቀመስን ነገረቻት። ሴትዮዋ ዝም ብላ ገባችና ሁለት ሰሃን ይዛ ወጣች። የቀዘቀዘ ድፍን ምስር ነው፣ አረንጓዴ፣ ደቃቅ፣ አንዱም ፍሬ አልፈረሰም። ሰናፍጭ፣ ኮምጣጤ፣ ዘይት፣ በደቃቁ የተከተፈ ሽንኩርት። አንድ ማንኪያ ጎርሼ እህቴን አየኋት፣ እሷም አየችኝ።

አዚፋ ነው። በቃ አዚፋ። የጎደለው ቃሪያ ብቻ ነው፤ እኔ ደግሞ ሚጥሚጣ በቦርሳዬ ይዣለሁ፣ ነሰነስኩበት። ሴትዮዋ ጣቷን ነክራ ቀመሰችና ሳል ያዛት፣ ከዚያ ሳቀች፣ ከዚያ እንደገና ቀመሰች። ስለ ምስሩ ነገረችን፤ በእሳተ ገሞራ አፈር ላይ እንደሚበቅል፣ በ1996 እንደ ሮክፎር ስሙ በሕግ እንደተጠበቀ፣ ከሌላ ቦታ የመጣ ምስር የለ ፕዊ ምስር ተብሎ እንደማይሸጥ። ስትናገር ስለ ልጇ ነበር የሚመስለው። ምስር እኮ ነው! በጾም የተሰላቸንበት ምስር! በማግስቱ 2 ኪሎ ገዝቼ መጣሁ። ከኢትዮጵያ ሄዶ ምስር ገዝቶ የተመለሰ ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ከዚያስ? ባሕር ዳር ነሐሴ መጨረሻ ተመለስኩ። በገባሁ በሦስተኛው ቀን ደንበኛዬ አሳ ይዞ መጣ፣ ነጭ አሳ፣ ትልልቅ። ሆዱን ስሰነጥቀው እንቁላል ዘረገፈ። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም። ለዓመታት ያየሁት ነገር ነው፣ ያን ቀን ግን እጄ ቆመ። የጣና ነጭ አሳ አንድ ዓይነት አይደለም፣ ወደ 17 ይጠጋል፣ አብዛኞቹም በዓለም ላይ ሌላ ሐይቅ ውስጥ የሉም። ክረምት ላይ ብዙዎቹ እንቁላል ሊጥሉ ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ ግልገል ዓባይ ይወጣሉ። የወንዙ አፍ ላይ መረብ ይጠብቃቸዋል። ዋሻም ንጉሥም ሳያስፈልገን "እዚህ ብቻ" ለማለት ከማንም በላይ መብት ያለን በዚህ አሳ ነው፣ እኛ ደግሞ ከነእንቁላሉ እየጠበስን ከክለብ ሳንድዊች በታች እንጽፈዋለን። እንቦጩ ሲጨመርበት እንዲያውም። ዘንድሮ ክረምት ከወንዝ አፍ የመጣ ነጭ አሳ አልገዛም ብያለሁ። ደንበኛዬ "አንቺ ባትገዥ ሌላው ይገዛኛል" አለኝ። ልክ ነው፣ ይገዛዋል። (በጾም አሳ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አልከፍትም። እኔ እሸጣለሁ፣ አልበላም።)

የዘጌ ቡናስ? ይርጋጨፌ ሲባል ዓለም ያውቃል፣ ሐረር ሲባል ያውቃል። ዘጌ በጀልባ ከኛ አንድ ሰዓት ነው፣ ቡናው በጫካው ጥላ ስር በገዳማቱ ዙሪያ ይበቅላል፣ በሬ አይጠመድም፣ መሬት አይታረስም። አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሦስት ቦታ ሰብረው ቢተክሉት ቡና፣ ጌሾና ሎሚ ሆኖ በቀለ ተብሎ ይተረካል። እንዲህ ዓይነት ታሪክ ፈረንሳዮች ቢያገኙ በየጠርሙሱ ላይ ይለጥፉት ነበር። የኛ ጀበና ዳር "ቡናው የየት ነው?" ስትል መልሱ "የገበያ ነው"። ግብጦም አለ፣ የመራዊና የዳንግላ ልጅ የሚያውቀው፣ ምሬቱ እስኪወጣ ቀናት ውሃ ውስጥ የሚነከር። አረቄውን አላወራም።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ከናንተ፣ በየሳምንቱ አንድ ወረዳ የራሴ የሚለውን አንድ ምግብ የምታወጡበት ጥግ ጋዜጣው ላይ ይኑር፤ ማን እንደሚሠራው፣ መቼ እንደሚበላ፣ የት ሄዶ እንደሚገኝ። የሆቴል ሰዎች ደግሞ ሜኑ ላይ ከምግቡ ስም አጠገብ የመጣበትን ቦታ ይጻፉ። ወጪ የለውም፣ እስክሪብቶ ነው። ሲጽፉ ግን እውነት ይሁን፣ የደላላ ቡና ገዝቶ ዘጌ ብሎ መጻፍ ከመጣ ጭራሽ ይቅርብን።

እኔ ጀምሬያለሁ። ሰሌዳዬ ላይ ከላይ "ቀረሶ፣ ዛሬ ጠዋት ከጣና" ይላል። ቀጥሎ "አዚፋ"። በርገሩን አላጠፋሁትም፣ የኮሌጅ ልጆች ይወዱታል፣ ግን ታች ወርዷል። አስተናጋጄ አሁን ስለ ነጭ አሳ ሲያስረዳ ብትሰሙት፣ ከኔ የሰማውን አምስት እጥፍ አድርጎ ነው፣ አንዳንዴ ወጥቼ እቆጣጠረዋለሁ።

መጣጣ አይቡ ግን ገና ነው። እማዬን ስለምናት ከርሜ ከገና ማግስት ጀምራ ማሰሮ ሙሉ አዘጋጅታ በአውቶቡስ ላከችልኝ፣ አፉን በኮባ ቅጠል አስራ። ወጥ ቤቴ ጥግ፣ ጎታ ስለሌለኝ ከከሰል ጆንያው ኋላ አስቀምጬዋለሁ። ትናንት ደውላ "ነክተሽዋል?" አለችኝ። አልነካሁትም አልኳት። የሚደርሰው ዐቢይ ጾም መሃል ነው፣ ስለዚህ ከትንሣኤ በፊት እንዳይከፈት ብላለች። ከትንሣኤ በኋላ በዚህ በኩል ካለፋችሁ ግቡ፣ በእንጀራ ጫፍ ነው የሚቀመሰው።

ከአክብሮት ጋር
አንዲት አሳ ሻጭ፣ ከባሕር ዳር